የዲቪዲ ሪጅን ኮድ ምንድን ነው?

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ለልጆቹ የካርቱን ዲቪዲ ይዞ ይመጣል። ጠፈር፣ ሮቦት፣ መንኮራኩር ያለበት። ኦሪጅናል ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ማጫወቻው ውስጥ ሲገባ ግን ትንሽ ያጉረመርምና «ሮንግ ሪጅን» ብሎ ይተፋዋል።

ብዙ ሰው ሲዲው የተበላሸ ይመስለዋል። በቲሸርቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ደግሞ ይሞክራል። ሲዲው ግን ምንም አልሆነም። ተቆልፎ ነው።

ሪጅን ኮድ ሲዲው ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ የትኛው የዓለም ክፍል ውስጥ እንዲታይ እንደተፈቀደ ይናገራል። ማጫወቻውም የራሱ ቁጥር አለው። ሁለቱ ካልገጠሙ ፊልም የለም። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የዋለ ነው። የፊልም ኩባንያዎቹ ዓለምን በስድስት ሪጅን ሸነሸኑት። አሜሪካና ካናዳ 1 ሆኑ። ምዕራብ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና ጃፓን 2። አውሮፕላንና መርከብ ላይ ለሚታይ ፊልም ሳይቀር ለብቻው 8 ቁጥር ተሰጥቶታል።

እኛ 5 ነን። ከሩሲያ፣ ከህንድ፣ ከሞንጎልያና ከሰሜን ኮሪያ ጋር። አብዛኛው አፍሪካ እዚሁ ነው፤ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ግን ከአውሮፓ ጋር 2 ውስጥ ገብተዋል። ካርታውን የሳለው ነጋዴ እንጂ የጂኦግራፊ መምህር እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ለምን አስፈለገ? ያኔ አንድ ፊልም በሁሉም አገር ባንዴ ሲኒማ አይገባም ነበር። የፒክሳርን ዎል-ኢ እንውሰድ። ቆሻሻ በዋጣት ምድር ላይ ብቻውን የቀረ ትንሽ ሮቦት ወደ ጠፈር የሚጓዝበት ፊልም ነው። አሜሪካ ሲኒማ የገባው በጁን 2008 ነው። በኖቬምበር ዲቪዲው እዚያው አሜሪካ ወጣ። ጃፓን ሲኒማ የደረሰው ደግሞ በዲሴምበር። የኒውዮርኩ ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ሲያየው፣ የቶኪዮው ልጅ ገና ትኬት አልቆረጠም ማለት ነው። የአሜሪካው ሲዲ ቶኪዮ ላይ እንደልብ ቢሠራ ሲኒማ ማን ይገባ ነበር? ኩባንያዎቹን ያስፈራቸው ይሄ ነው። የዋጋም ጉዳይ አለ፤ ባንዱ አገር በርካሽ የተሸጠው ሲዲ ሌላ አገር ሄዶ ውዱን ገበያ እንዳያበላሽ።

ታዲያ ፒያሳና አራት ኪሎ ያደገ ሰው ስለዚህ ቁልፍ ሳይሰማ እንዴት ኖረ? ስናይ የኖርነው ኮፒ ስለሆነ ነዋ! ፊልሙ ሲገለበጥ ኮዱ ይወጣለታል። አንዱ ሲዲ ላይ ስምንት ፊልም የታጨቀበት፣ ሽፋኑና ውስጡ የማይተዋወቁት፣ እሱ የትም ቦታ ይሠራል። ቁልፉ ያስቸገረው ብሩን ከፍሎ ኦሪጅናል የገዛውን ብቻ ነው። ለእኔ የዚህ አሠራር ትልቁ ቂልነት እዚህ ላይ ነው።

ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎችም አግዘውናል። ብዙዎቹ ኮድ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁትም በሪሞት በሚገባ ቁጥር የሚከፈቱ አሉ። ሱቅ ገብቶ «ሁሉንም ያነባል?» ማለት ነው። ሕጉን አጥብቆ የሚያከብረው አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ማጫወቻ ነው።

ቁልፉ ቢከፈት እንኳ ሌላ ጣጣ አለ፤ ከሪጅን ኮድ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። የአሜሪካ ቪዲዮ የሚዘጋጀው ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ነው፣ የእኛ በፓል። የቆየ ቴሌቪዥን የአሜሪካውን ሲዲ ጥቁርና ነጭ ሊያደርገው ይችላል። አዳዲሶቹ ግን ሁለቱንም ይችላሉ። ደግሞ ፓል የራሱ ጉድ አለው። ሲኒማ ላይ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚሄደው፤ ፓል ላይ 25። ስለዚህ ፊልሙ በ4 በመቶ ይፈጥናል፤ 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ያልቃል። ካልተስተካከለ ድምፁም ቀጠን ይላል። ካርቱን ላይ ማንም ልብ አይለው ይሆናል።

በኮምፒውተር ለማየት ያሰበ ይጠንቀቅ። የዲቪዲ ማንበቢያው ሪጅን ቀይር ሲባል ይቀይራል፣ ግን አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል።

የዲቪዲ ተተኪ የሆነው ብሉሬይ ሲመጣ ቁጥሩ በሦስት ፊደል ተተካ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ። አፍሪካ በሙሉ ከአውሮፓ ጋር ቢ ውስጥ ናት፣ አሜሪካ ኤ። የ4ኬ ብሉሬይ ላይ ደግሞ ሪጅን ኮድ የለም።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ የሽፋኑን ጀርባ እንዲያይ ንገሩት። ዲቪዲ ከሆነ ትንሽ የሉል ምልክት ውስጥ ቁጥር ትኖራለች። 5 ወይም «ኦል» ካለ ይግዛ። 1 ካለ ግን መጀመሪያ ቤት ያለው ማጫወቻ የሚያነበው መሆኑን አረጋግጡ።