ለአንጎል ጉዳት በማቀዝቀዝ የሚታከሙ ጨቅላ ሕፃናትና የመንቀጥቀጥ ስጋት

አንዳንድ ሕፃን ሲወለድ አያለቅስም። እትብቱ ተጨፍልቆ ወይም የእንግዴ ልጁ ከጊዜው ቀድሞ ተላቆ፣ ለአንጎሉ የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን አንሶበታል። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደና ጉዳቱ መካከለኛ ወይም ከባድ የሆነ ሕፃን የማቀዝቀዝ ሕክምና ይደረግለታል። በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት ወደ 33.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ለ72 ሰዓትም እዚያው ይቆያል።

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አይደለም። የታፈነ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያገገመ ይመስላል። ከዚያ ሴሎቹ ጉልበት እያጡ ሁለተኛው ዙር ጉዳት ይጀምራል። ቅዝቃዜው ይህን ዙር ያለዝበዋል። መንቀጥቀጥም፣ ማለትም የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ በድንገት መዛባት፣ የሚበረታው በዚሁ ጊዜ፣ በተለይ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ነው። ማቀዝቀዝ ጫናውን ቢቀንስም ጨርሶ አያስቀረውም፤ በአንጎል ሞገድ ክትትል ሲታይ ከሚቀዘቅዙት ሕፃናት ከሲሶ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ይከሰታል።

ትልቁ ችግር አብዛኛው በዓይን አለመታየቱ ነው። ሲታይም ብዙ ጊዜ እንደ ትልቅ ሰው መንዘፍዘፍ አይደለም። ዓይን አንድ ቦታ ይቀራል፣ አፍ ያላምጣል፣ እግር ፔዳል እንደሚመታ ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ለአፍታ ይቋረጣል። በተቃራኒው ተራ መርገፍገፍ መንቀጥቀጥ ይመስላል። እጁን ቀስ ብለው ሲይዙት ካቆመ መርገፍገፍ ሳይሆን አይቀርም። ግን ልምድ ያለው ሐኪምም በዓይኑ ብቻ ቢፈርድ ይሳሳታል። ቅዝቃዜው እንዳያስጨንቀው ሞርፊን የሚሰጠው ሕፃን ደግሞ ምልክቱ ይበልጥ ይደበቃል።

ቁርጡን የሚናገረው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ምርመራ፣ ኢኢጂ ነው። የአሜሪካ ክሊኒካል ኒውሮፊዚዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ለመንቀጥቀጥ የተጋለጡ ጨቅላዎች ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያለማቋረጥ በኢኢጂ እንዲታዩ መክሯል። ባለሙያ በሌለበት ቀለል ያለው መሣሪያ፣ ኤኢኢጂ፣ በአልጋው አጠገብ ይሠራል። አጫጭር መንቀጥቀጦች ግን ያመልጡታል።

የመጀመሪያው መድኃኒት አሁንም አሮጌው ፌኖባርቢታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ለ24 ሰዓት መንቀጥቀጡ የቆመላቸው በፌኖባርቢታል 80 በመቶ፣ በሌላው የመንቀጥቀጥ መድኃኒት በሌቬቲራሲታም 28 በመቶ ነበሩ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ከመድኃኒቱ በኋላ እጅና እግር ጸጥ ብሎ በአንጎሉ ውስጥ ግን መንቀጥቀጡ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «ቆመለት» ከማለት በፊት ሞገዱን ማየት ይገባል።

ከ72 ሰዓት በኋላ ማሞቅ ይመጣል። በሰዓት ከ0.5 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት፣ ቀስ እየተባለ። ሁሉም ያለፈ በሚመስልበት በዚህ ሰዓት መንቀጥቀጥ አዲስ ሊነሳ ወይም ሊያገረሽ ይችላል። ኢኢጂው ሙቀቱ እስኪስተካከል ባይነሳ ይሻላል።

በብዙዎቹ መንቀጥቀጡ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። ሙሉ በሙሉ ከቆመ መድኃኒቱን ከሆስፒታል ሳይወጡ ማቋረጥ ይመከራል። ጉዳቱ ከባድ የነበረ ልጅ ግን በኋላ የሚጥል በሽታ ሊይዘው ስለሚችል፣ የነርቭ ሐኪም ክትትሉ ከተለቀቀ በኋላም ይቀጥላል።