ስለ ገጠርና ከተማ አሰፋፈር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሰው ተጠጋግቶ የሚኖርበት ቦታ ከተማ፣ ተበታትኖ የሚኖርበት ደግሞ ገጠር ነው።» ይህ መለያ ኮንሶ ላይ ሲደርስ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር አካል የሆኑት መንደሮች በድንጋይ ካብ የታጠሩ፣ ግቢ ከግቢ የተገጣጠመባቸውና ጠባብ መተላለፊያዎች ብቻ የሚለያዩአቸው ናቸው፤ ነዋሪዎቻቸው ግን ከካቡ ወጥተው እርከን ማሳቸውን የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ቡና፣ እንሰትና ዛፍ በአንድ ማሳ የሚበቅሉበት የጌዴኦ ገጠርም በሀገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተማ የሚለው ማዘጋጃ ቤት የተቋቋመበትን፣ ወይም 2,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ኖሮት ከሠራተኛ ኃይሉ 50 በመቶው በዋናነት ከግብርና ውጭ የተሰማራበትን ሥፍራ ነው። ሕጉ ከሕዝብ ቁጥር ጋር መተዳደሪያንም ስለሚመለከት፣ የቤቶች መጠጋጋት ብቻውን አይበቃም።

«በከተማ እርሻ፣ በገጠርም ከእርሻ ሌላ ሥራ የለም።» አዲስ አበባ ውስጥ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይመረታል፤ የዶርዜ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩም ገጠር ናቸው።

«የሚሰደድ ሰው መድረሻው ከተማ ነው።» በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወደ ሁመራና መተማ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ ከገጠር ተነሥቶ ወደ ገጠር የሚሄድ ነው።

«ገጠር ወደ ከተማ ሲጠቃለል የሚለወጠው የቀበሌው ስም ብቻ ነው፤ መብራትና መንገድም ይከተላል።» ከሁሉ የሚጎዳው አመለካከት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የከተማው ድንበር ሲሰፋ የመሬት መብቱ የሚመራበት ሕግ ይለወጣል። የገበሬ የመሬት ይዞታ መብት የጊዜ ገደብ የሌለውና ለቤተሰብ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በከተማ ግን በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አዲስ የሚሰጥን ቦታ በዘመን ይገድባል፤ ለከተማ ግብርና የሚሰጠው ዘመን 15 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማ ዳር ያለ ገበሬ ቀበሌው ከመጠቃለሉ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በእጁ ማድረጉ፣ የማሳው ስፋትና ወሰንም በትክክል መመዝገቡን ማጣራቱ እጅግ አስፈላጊ ነው። ማሳው ለልማት ተፈልጎ ካሳ ተከፍሎበት ከተወሰደ በኋላ፣ ልጁ በተወለደበት ሠፈር አዲስ ቦታ ወስዶ ቤት ልሥራ ቢል በሊዝ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለመኖሪያ ቤት የተወሰነው ዘመንም 99 ዓመት ነው።