ስኩባን ከተለያዩ ባልደረቦች ጋር መማር፦ ጣናን ለሚያስብ ጠላቂ

ስኩባ ማለት የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መቆየት ነው። ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ጠላቂው በሳበ ቁጥር አየር የሚሰጥ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ሥልጠናውም ሥርዓት ያዘ። የሥርዓቱ ምሰሶ በጥንድ መጥለቅ ነው።

ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ ይፈትሻል። ለመንሳፈፍ በአየር የሚሞላው ጃኬት አየር ይይዛል? ለመስመጥ የሚታጠቀው፣ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራው የክብደት ቀበቶ ቶሎ ይፈታል? ሲሊንደሩ ተከፍቷል? ትርፍ መተንፈሻው የት ነው? ባልደረባ መቀያየር የሚጠቅመው በተለይ ለዚህ ለመጨረሻው ነው። አንዱ ትርፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው። ሌላው አፉ ውስጥ ያለውን አውጥቶ ይሰጥና ራሱ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ይጎርሳል። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር የጠለቀ አንዱን መንገድ ብቻ ይለምዳል፤ በጭንቅ ሰዓት ደግሞ እጅ የሚሄደው ወደለመደበት ነው። አየር ቶሎ ከሚጨርስ ሰው ጋር የገባ፣ መለኪያውን ቶሎ ቶሎ መጠየቅ ይማራል። የመመለሻው ሰዓት የሚወሰነው አየሩ ባነሰው ሰው ነውና።

አንዳንድ አሠልጣኞች ጀማሪ መጀመሪያ ከአንድ ሰው ጋር ቢለምድ ይሻላል ይላሉ። ያስኬዳል። ሁለት ጀማሪዎችን አጣምሮ ድፍርስ ውሃ ውስጥ መላክ ግን ፈጽሞ ልክ አይደለም።

ወደ ጣናችን እንምጣ። ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ለጀማሪ ከተለመደው የ18 ሜትር ገደብ ያንሳል። የሚያስቸግረው እይታው ነው። በክረምት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ይዘው ይገባሉ። የእጅ ምልክት አይታይም። ስለዚህ ጥንዶች እጅ ለእጅ ወይም በአጭር ገመድ ተያይዘው በመጭመቅና በመጎተት ይነጋገራሉ። ምልክቱ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከእያንዳንዱ አዲስ ባልደረባ ጋር ገና ዳር ላይ ሳሉ መስማማት ግድ ነው። ከተጠፋፉ ደግሞ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ተፈላልገው ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ።

ጅቡቲ ባሕር ላይ የሠለጠነ ሰው እዚህ ጥቂት ኪሎ እርሳስ መቀነስ አለበት፤ ጨው አልባ ውሃ የማንሳፈፍ አቅሙ ያንሳል። ከፍታውም አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት የጠለቃ ሠንጠረዦች የሚሠሩት ለባሕር ስለሆነ ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ይስተካከላሉ። የጣና 14 ሜትር እንደ 17 ሜትር ይቆጠራል ማለት ይቻላል። ውሃ ውስጥ በሰውነት የተጠራቀመው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሆኖ እንዳይጎዳ፣ ከጠለቃ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ 18 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ከባሕር ዳር በመኪና ወደ ደብረ ታቦር መውጣትም በዚሁ ዓይን ቢታይ ጥሩ ነው፤ ከተማው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው።

ዳር ላይ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ለዚህ የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎችን የሚያህል የለም። በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ነፋሱ የሚነሳበትን ሰዓትና አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ የሚውልበትን ያውቃሉ። ቢልሃርዝያ ስላለ ዳር ዳሩን፣ ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ዕቃ መልበስ አይመከርም፤ ጀልባ ላይ ለብሶ መግባት ይሻላል።