የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን፦ እነማን ነበሩ? ምን ያምኑ ነበር?

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አዲስ ሃይማኖት እንመሥርት ብለው አልተነሡም። አይሁድ ነበሩ። ይገረዛሉ፣ ሰንበትን ያከብራሉ፣ ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሄደው ይጸልያሉ። ከጎረቤቶቻቸው የለያቸው ዋናው ነገር የተሰቀለው ኢየሱስ ከሞት ተነሥቷል፣ ሲጠበቅ የኖረው መሲሕም እሱ ነው ማለታቸው ነው። ጳውሎስ በ50ዎቹ ዓ.ም. (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ የሚለውን እምነት እሱም ከሌሎች እንደተቀበለው ይናገራል። የእምነቱ እምብርት ገና ከጅምሩ ነበረ ማለት ነው።

ጣጣው የመጣው በማዕድ ነው። አንጾኪያ ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ የምትጠራ ትልቅ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት። እዚያ ብዙ አሕዛብ አመኑ። ክርስቲያን የሚለው ስምም መጀመሪያ የወጣው እዚያ ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ይገረዙ? አብሯቸው መብላትስ ይፈቀዳል? ጴጥሮስ መጀመሪያ አብሯቸው ይበላ ነበር። የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች መሪ ከነበረው ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈራና ገለል አለ። ጳውሎስም በሰው ፊት ገሠጸው። ይህን ደግሞ ራሱ ለገላትያ ሰዎች ሳይሸፋፍን ጽፎታል። በ49 ዓ.ም. ገደማ ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ግዝረት በአሕዛብ ላይ ግዴታ እንዳይሆን ወሰኑ። ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ታንቆ ከሞተና ከዝሙት እንዲርቁ ብቻ አዘዙ። ስለ ክርስቲያኖች ማንነት ከተነሣ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ የለም።

ከውጭ ሆነው ያዩዋቸውም ጽፈውልናል። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው የሮም ግዛት የቢታንያ ገዥ ፕሊኒ በ112 ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ሪፖርት ላከ። በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ላለመስረቅና ላለማመንዘር ይማማላሉ፣ በኋላም ተሰብስበው ተራ ምግብ ይበላሉ ይላል። ይህን ለማጣራት ዲያቆናዊት የሚባሉ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሠቃይቷል። ባሪያ ሴት በጉባኤው ውስጥ ማዕረግ ነበራት፤ ለዘመኑ ቀላል ነገር አይደለም።

ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የሥርዓት ጽሑፍ ረቡዕና ዓርብ እንዲጾም ያዛል። ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም መቼስ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ደግሞ በ150ዎቹ የእሑዱን ጉባኤ ይተርካል፦ ንባብ፣ ስብከት፣ ጸሎት፣ ቁርባን። ላልመጡት ዲያቆናት ያደርሳሉ። የተዋጣው ገንዘብ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለታሰሩ ይውላል።

ጠቡ ከሮም ጋር ብቻ አልነበረም። ክርስቶስ ሥጋ የለበሰ መሰለ እንጂ አልለበሰም የሚሉ ተነሡ። የአንጾኪያው ጳጳስ አግናጥዮስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ መከራው የይምሰል ከሆነ እኔ ለምን ታሰርኩ ብሎ ሞገታቸው። ማርቅዮን የሚባል መምህር ደግሞ ብሉይ ኪዳንን ጭራሽ ጣለው፤ የሮም ጉባኤ በ144 ገደማ ከአባልነት አስወጣው። የአይሁድን መጻሕፍት ይዞ መቀጠል በዚህ ጸና።

በ303 የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ተነሣ። በ313 ነፃነት መጣ። በ325 ደግሞ ኒቅያ ላይ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑ ተደነገገ። ለዚህ ውሳኔ ዕድሜውን ሙሉ የታገለው የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ ጻፈ። ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመውም እሱ ነው።