ክርስትና «ከአረማውያን ተረትና ከኮከብ ቆጠራ ተቀዳ» የሚለው ክስ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ክሱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢየሱስ የፀሐይ ተምሳሌት እንጂ በታሪክ የኖረ ሰው አይደለም። ሐዋርያቱ ከሐመል እስከ ሑት ያሉት 12ቱ ከዋክብት ናቸው። ከድንግል መወለዱ ከግብፃውያኑ አምላክ ከሆረስ፣ ትንሣኤው ከሌላው የግብፅ አምላክ ከኦሲሪስ፣ የልደቱ ቀን ደግሞ በሮም ግዛት ይመለክ ከነበረው ከሚትራ ተወስዷል። ገናም ድሮ የፀሐይ በዓል ነበር። ይህ ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ ስለሚዞር ብዙ ወጣት ምእመናንን ግራ ያጋባል። ነገሩን ከሥሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ ደግሞ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ለዚሁ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ታኅሣሥ 25 እና መጋቢት 25 ሲባልም የአውሮፓውያኑ ዲሴምበርና ማርች ማለት ነው።

ክሱ ከየት መጣ

የመመሳሰል ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ የቤተ ክርስቲያን ዘመናት ጀምሮ ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬልሶስ የተባለ ፈላስፋ የጌታን ልደት ከግሪክ ተረቶች ጋር እያነጻጸረ ተሳልቋል። የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪጀን በ248 ገደማ ረጅም መልስ ጻፈበት። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ በ155 ገደማ፣ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ነገሩን ራሱ አንሥቶታል። የሚትራ ተከታዮች በምሥጢራቸው ኅብስትና የውኃ ጽዋ እንደሚያቀርቡ ይናገራል። ይህም አጋንንት ቅዱስ ቁርባንን አስመስለው ያመጡት ነው ይላል። በዚህ ማብራሪያው የማይስማማ ሰው እንኳ አንድ ነገር ልብ ይበል። ዮስጢኖስ መመሳሰሉን አልሸሸገም። ለሮማው ቄሣር በላከው ጽሑፍ ላይ በግልጽ አስፍሮታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ዘመን አልፈን ወደ ፈረንሳይ አብዮት እንምጣ። የዛሬው ክስ መልኩን የያዘው ያኔ ነው። ፈረንሳውያኑ ጸሐፊዎች ቮልኔ በ1791፣ ሻርል ፍራንሷ ዱፕዊ ደግሞ በ1795 ባሳተሟቸው ሥራዎች ክርስቶስ ፀሐይ ነው፣ ወንጌልም የሰማይ አካላት ጉዞ በተረት መልክ የተነገረበት ነው አሉ። ዘመኑ አብዮተኞቹ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተጋጩበት ነበር፤ የዱፕዊ መጽሐፍ ሲወጣ አብያተ ክርስቲያናትን ዘግተው ካህናትን ካሳደዱ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር። መጽሐፎቹን ከዚህ ነጥሎ ማንበብ ይከብዳል።

በ1827 አዠን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ዣን ባፕቲስት ፔሬስ ግሩም መልስ ሰጠ። የዱፕዊን ዘዴ ወስዶ ናፖሊዮንም የፀሐይ ተረት እንጂ ሰው እንዳልነበረ አሳየበት። ስሙ ከግሪኮች የፀሐይ አምላክ ከአፖሎ ጋር ይመሳሰላል። 12ቱ የጦር ማርሻሎቹ 12ቱ ከዋክብት ናቸው። አራቱ ወንድሞቹ አራቱ ወቅቶች ናቸው። ከምሥራቅ ወጥቶ በምዕራብ ባሕር ጠለቀ። ናፖሊዮን ከሞተ ገና 6 ዓመቱ ነበር። ማንኛውንም ታላቅ ሰው ተረት ማድረግ የሚችል ዘዴ ስለ ማንም ምንም እንደማያረጋግጥ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይቻልም።

ቀጥሎ አሜሪካዊው ከርሲ ግሬቭስ በ1875 ከክርስቶስ በፊት ብዙ «የተሰቀሉ አዳኞች» ነበሩ ሲል ጻፈ። ይሁንና የሚታመን ምንጭ አላቀረበም። እንግሊዛዊው ጄራልድ ማሲ የሆረስንና የኢየሱስን ንጽጽር አስፋፋ። ጄምስ ፍሬዘር ከ1890 ጀምሮ «ሞተው ስለሚነሡ አማልክት» ጻፈ። በ2007 ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀ አንድ ፊልም ይህን ሁሉ ሰብስቦ ለብዙ ሕዝብ አደረሰው። ዛሬ የምንሰማው በአብዛኛው የዚያ ፊልም ቅጂ ነው።

ሚትራ

የሚትራ ምሥጢራት በሮም ግዛት በግልጽ መታየት የጀመሩት በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ መልእክቶቹን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው። ተከታዮቹ ስለ አምላካቸው የጻፉት መጽሐፍ አልደረሰንም። የቀሩት ምድር ለምድር የተሠሩ ቤተ መቅደሶች፣ ቅርጻ ቅርጾችና የድንጋይ ጽሑፎች ናቸው። በእነዚህ ላይ ሚትራ የሚወለደው ከአለት ነው። ድንግል እናት የለችም። በሬ ያርዳል እንጂ እርሱ አይሞትም፤ ካልሞተ ደግሞ ትንሣኤ አይኖረውም። ልደቱ ታኅሣሥ 25 ነበር የሚል ጥንታዊ ማስረጃም የለም። ሃይማኖቱ ከፋርስ በቀጥታ የመጣ ነው የሚለው የቤልጅጉ ሊቅ የፍራንዝ ኩሞን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ነበረው። በ1971 ማንችስተር ላይ በተደረገው ጉባኤ ግን ብርቱ ትችት ገጠመው።

ሆረስ፣ ኦሲሪስና ሌሎቹ

በግብፅ ትረካ ኦሲሪስን «ሴት» የተባለው ወንድሙ ገደለው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚለው አካሉን 14 ቦታ ቆራርጦ በተነው። ሚስቱ ኢሲስ ሰብስባ ከእርሱ ሆረስን ፀነሰች። ይህ የድንግልና ልደት አይደለም። ኦሲሪስም የሙታን ዓለም ንጉሥ ሆኖ እዚያው ቀረ። ለሆረስ የሚታወቁለት አራት ልጆች ናቸው። 12 ደቀ መዛሙርት ነበሩት የሚለው ነገር ከማሲ ወዲህ የመጣ ነው። «የብስራት ሥዕል» እየተባለ የሚጠቀሰው የሉክሶር ቅርጽም የፈርዖን አሜንሆቴፕ ሣልሳዊ ልደት ነው። በእርሱ ላይ አሞን የተባለው አምላክ ከንግሥቲቱ ጋር ይተኛል።

በ1987 የሃይማኖት ታሪክ ሊቁ ጆናታን ስሚዝ «ሞተው የሚነሡ አማልክት» የሚባለው ምድብ ራሱ በማስረጃ እንደማይቆም ጻፈ። ስዊድናዊው ትሪግቬ ሜቲንገር በ2001 ይህን ተቃወመ። እንደ በኣል (የከነዓናውያን ጣዖት) እና መልቃርት (የጢሮስ አምላክ) ያሉ ጥቂቶች በእርግጥ እንደሞቱና እንደተነሡ ይነገር ነበር አለ። ሆኖም የኢየሱስ ሞትና ትንሣኤ ከእነርሱ ተረት ለመሠራቱ ማስረጃ እንዳላገኘ ራሱ ጽፏል።

ደግሞም የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከአማልክት ተረት ይቀዳሉ ማለት ይከብዳል። ሐዋርያት አይሁድ ነበሩ፤ ከልጅነታቸው ጣዖትን ሲጸየፉ ያደጉ ናቸው። በ112 ገደማ የሮማው ገዥ ፕሊኒ ለንጉሥ ጥራያኖስ በጻፈው ደብዳቤ በክርስትና የተከሰሱትን ለመለየት ለአማልክት ዕጣንና ወይን ማቅረብን እንደ ፈተና ይጠቀም እንደነበር ይገልጻል። እምነታቸውን አንክድም ያሉትን ያስገድል ነበር።

ኮከብ ቆጠራ

12 ቁጥር የመጣው ከ12ቱ ነገደ እስራኤል ነው። ጌታ ራሱ ሐዋርያቱ በ12 ዙፋን ተቀምጠው በ12ቱ ነገድ እንደሚፈርዱ ተናግሯል። ፀሐይ በክረምት «የደቡብ መስቀል» በተባሉት ከዋክብት ሥር ሦስት ቀን ትሞታለች የሚለውም አይሆንም። የጥንት ግሪኮች እነዚያን ከዋክብት ሴንታውረስ የተባለው የከዋክብት ስብስብ አካል አድርገው ነበር የሚያዩአቸው። መስቀል የተባሉት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መርከበኞች ዘመን ነው።

ኢሳይያስ በምዕራፍ 47 ኮከብ ቆጣሪዎችን ይነቅፋል። ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሔኖክ ደግሞ በምዕራፍ 8 ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው ይላል። በአገራችን ዐውደ ነገሥት ገልጠው ኮከብ የሚቆጥሩ አሉ፤ ይህ ግን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጭ ነው። ሰብአ ሰገል ኮከብ አይተው መምጣታቸው እውነት ነው። ያም ኮከብ ወደ ክርስቶስ መራቸው እንጂ አልተሰገደለትም።

ገና

ከክሶቹ ሁሉ ጠንከር ያለው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ንጉሥ አውሬልያን በ274 ሮም ላይ ለፀሐይ ቤተ መቅደስ አስመረቀ። በታኅሣሥ 25 በዓል መደንገጉን የሚናገር የዚያ ዘመን ጽሑፍ ግን አልተገኘም። «የማይሸነፈው ልደት» (የፀሐይ ልደት ማለት ነው) በዚያ ቀን የተጠቀሰው በ354 በተዘጋጀ የሮም የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው፤ 30 የሠረገላ ውድድር እንደሚደረግም ተጽፏል። በዚያው ጥራዝ ውስጥ «ክርስቶስ በቤተልሔም ተወለደ» የሚለውም በዚሁ ቀን ሰፍሯል። ይህ ዝርዝር በ336 እንደተጠናቀረ ይታመናል። ከሁለቱ የትኛው እንደቀደመ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ክርስቲያኖች በዓሉን ከፀሐይ በዓል የተነሣ ወደዚህ ቀን አመጡት የሚለው ጽሑፍ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ የተጻፈ የኅዳግ ማስታወሻ ነው። በጣም ዘግይቷል። በሌላ በኩል የፀሐይ ፍቅር በምእመናን ዘንድ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይቻልም። ቤተ ክርስቲያናችን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የማትቀበለው የሮማው ጳጳስ ልዮን እንኳ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምእመናንን ገሥጿል። አንዳንዶቹ በቅዱስ ጴጥሮስ ደረጃ ላይ ዞረው ለፀሐይ ይሰግዱ ነበርና። በዚያው ቫቲካን ሥር ባለ መቃብር ክርስቶስ እንደ ፀሐይ በሠረገላ የተሣለበት ሞዛይክ ተገኝቷል። ሥዕሉ ከሮማውያን የተወሰደ ነው። ሐሳቡ ግን «የጽድቅ ፀሐይ» ካለው ከነቢዩ ሚልክያስ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ዱሼን በ1889 ሌላ ማብራሪያ አቀረበ። የጥንት ክርስቲያኖች ጌታ የተፀነሰበትንና የተሰቀለበትን ቀን አንድ አድርገው መጋቢት 25 ላይ አዋሉት። ከዚያ ዘጠኝ ወር ቆጥረው ልደቱን አገኙ። ይህ መላምት ነው፤ የሚቃወሙትም አሉ። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር መጋቢት 25 የእኛ መጋቢት 29 ነው። በዚህ ቀን ቤተ ክርስቲያናችን ፅንሰቱንም ጥንተ ትንሣኤውንም ታስባለች። ቀኑ ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውልም የብስራቱ በዓል በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 በድምቀት ይከበራል።

አባቶች ጌታ በእመቤታችን ማኅፀን የቆየው «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ነው ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ጳጉሜን ጨምሮ 275 ቀን ነው፤ ልክ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ጊዜ ቁጥሩ በአንድ ቀን ይበልጣል። ስለዚህ በቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ 275 ቀኑም ሳይዛባ ይቀጥላል።