«የመጀመሪያው ጠጠር ከወደቀ…»፦ የዶሚኖ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

«የዶሚኖ ውጤት» የሚለውን አባባል ሬዲዮ ላይ ሳትሰሙት አትቀሩም። ነዳጅ ይጨምራል፣ ታክሲው ይከተላል፣ ከዚያ ሽንኩርቱ። አባባሉ የተወሰደው ከጨዋታው ነው። የዶሚኖ ጠጠሮች በቁማቸው ተጠጋግተው ይደረደራሉ። የመጀመሪያውን በጣት ነካ ሲያደርጉት ሁለተኛውን ይጥላል፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውን። የመጨረሻው እስኪጋደም ድረስ መሃል ላይ የሚያስቆመው የለም። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቶቹን ሁሉ ተራ በተራ ይዟቸው ይሄዳል ለማለት እንጠቀምበታለን።

ወደ ዓለም ፖለቲካ የገባው ግን በቬትናም በኩል ነው። ስንት ሰው ያለቀበት አባባል ስለሆነ አመጣጡን ማወቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ቀኑ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1954 ነው፤ በእኛ መጋቢት 29 ቀን 1946። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዋሽንግተን ውስጥ ለጋዜጠኞች መግለጫ እየሰጡ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ኢንዶቻይና (ፈረንሳይ በቅኝ ግዛት የያዘቻቸው ቬትናም፣ ላኦስና ካምቦዲያ) ለነጻው ዓለም ያላት ጥቅም ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። ሕዝቡ ጉዳዩ በደንብ አልገባውም፣ ቢያብራሩልን አላቸው። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ያን ጊዜ አብዛኛው አሜሪካዊ ቬትናምን በካርታ ላይ ፈልጎ አያገኛትም።

አይዘንሃወር መጀመሪያ ያነሱት አካባቢው ለዓለም የሚያመርተውን ጥሬ ዕቃ ነው። ቆርቆሮ፣ ተንግስተንና ጎማ ጠቀሱ። በአምባገነን አገዛዝ ስር ስለሚገባው ሕዝብም ተናገሩ። ቀጥሎ ነው ጠጠሮቹ የመጡት። የተደረደሩ የዶሚኖ ጠጠሮች አሉ፣ የመጀመሪያውን ትገፋዋለህ፣ የመጨረሻው ወዲያው እንደሚወድቅ እርግጥ ነው አሉ። ከኢንዶቻይና ቀጥሎ በርማን፣ ታይላንድንና ኢንዶኔዥያን ጠሩ። ከዚያ አልፈው ጃፓንን፣ ታይዋንን፣ ፊሊፒንስን፣ ጭራሽ አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን የሚያሰጋ ነው አሉ። አንዲት ሩቅ አገር በአንድ ዓረፍተ ነገር የግማሽ ዓለም በር ሆነች።

በዚያው ሳምንት የፈረንሳይ ጦር ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ በምትባል ሸለቆ ተከቦ ነበር። በሆ ቺ ሚን የሚመራው፣ ለነጻነት የሚዋጋው የቬትሚን ንቅናቄ ተዋጊዎች መድፍ በእጃቸው እየጎተቱ ተራራ ላይ አውጥተው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ደብቀውታል። ቀለባቸው የሚመጣው በሰው ትከሻና ሸክም በተጫነበት ብስክሌት ነው። የፈረንሳዮቹ አውሮፕላን ማረፊያ በመድፍ ተመትቶ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። የዚያን ጦርነት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህሉን የምትከፍለው ደግሞ አሜሪካ ነበረች። ስለዚህ የጋዜጠኛው ጥያቄ ስለ ጂኦግራፊ ብቻ አልነበረም። እንግባ ወይስ አንግባ የሚል ክርክር ከበስተጀርባው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። አይዘንሃወር ራሳቸው አልገቡም። ከመግለጫው አራት ቀን በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ጆን ፎስተር ደለስ የምክር ቤት መሪዎችን ሰብስቦ ነበር። መሪዎቹ የኮሪያ ጦርነት እንዳይደገም ፈሩ፤ አጋር አገሮች ሳይኖሩ ብቻችንን አንሄድም አሉ። እንግሊዞች ደግሞ እምቢ አሉ። ዲየን ቢየን ፉ ሜይ 7፣ ከመግለጫው ልክ በወሩ ወደቀች። የአሜሪካ የጦር አውሮፕላኖች አልመጡላትም። የአባባሉ ባለቤት በአባባላቸው አልተገዙም። የተገዙት ከእሳቸው በኋላ የመጡት ናቸው።

ሐሳቡ ራሱ ከአይዘንሃወር ይቀድማል። በ1947 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን ግሪክ በኮሚኒስቶች እጅ እንዳትገባ ሲናገር በርሜል ውስጥ ያለ አንድ የበሰበሰ ፖም ሌላውን ሁሉ ያበላሻል ብሎ ነበር። በ1950 መጀመሪያ ከአይዘንሃወር በፊት የነበሩት የፕሬዚዳንት ትሩማን መንግሥት ያዘጋጀው ሰነድም ኢንዶቻይና በኮሚኒስቶች እጅ ከገባች ታይላንድና በርማ ይከተላሉ ይላል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ቡድን ደቡብ ቬትናም ውስጥ ወዳለችው ሳይጎን ገባ። ፖሙ ተረሳ፣ ዶሚኖው ቀረ። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ይህ ነው፦ የበሰበሰ ፖም ተለቅሞ ይጣላል፤ መውደቅ የጀመረ ጠጠር ግን ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። «አሁኑኑ ያዘው» ያሰኛል።

የአባባሉ ትልቁ ጉድለትም እዚሁ ላይ ነው። ጠጠር ታሪክ የለውም፣ ቂም የለውም፣ የራሱ ፈቃድም የለውም። ቬትናም ግን ይህ ሁሉ ነበራት። ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 ሃኖይ ላይ ነጻነት ሲያውጅ የጀመረው ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በተወሰዱ ቃላት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የአሜሪካ የስለላ መኮንኖች ከሰዎቹ ጋር ጫካ ውስጥ አብረው ጃፓንን ሲወጉ ከርመዋል። ለትሩማን ደጋግሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። ኮሚኒስት መሆኑ እውነት ነው። ግን ገበሬው የተከተለው ከሞስኮ በመጣ ግፊት አልነበረም። ፈረንሳይን ከአገሩ ለማስወጣት ነው። ይህን የጠጠሮቹ ሥዕል አያሳይም።

በጁላይ 1954 ጄኔቫ ላይ በተደረገ ስምምነት ቬትናም በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ሰሜንና ደቡብ ተብላ ለጊዜው ተከፈለች። በ1956 ምርጫ ተደርጎ እንድትዋሃድ ተስማሙ። ዋሽንግተን ግን ደቡቡን የማይወድቅ ጠጠር ለማድረግ ቆርጣ ተነሳች። የደቡቡን መሪ ንጎ ዲን ዲየምን ደገፈች። ዲየም በ1955 ባካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 98 በመቶ አገኘሁ አለ። ሳይጎን ውስጥ የተቆጠረው ድምፅ ከተመዘገበው መራጭ ይበልጥ ነበር! የ1956ቱን ምርጫም አላደርግም አለ፤ አሜሪካ ከጎኑ ቆመች። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ የሆነው እዚህ ጋ ነው። አይዘንሃወር ሥልጣን ሲለቁ ደቡብ ቬትናም ውስጥ የነበሩት የአሜሪካ አማካሪዎች ከ1,000 አይበልጡም ነበር። በ1963 መጨረሻ ከ16,000 አልፈዋል።

ሴፕቴምበር 1963 ላይ አይዘንሃወርን የተኩት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በቴሌቪዥን ተጠየቁ፦ ይህን የዶሚኖ ነገር ይጠራጠሩታል? «አምንበታለሁ» አሉ፣ ደግመውም «አምንበታለሁ»። ሁለት ወር ሳይሞላ ዲየም ዋሽንግተን አስቀድማ ባወቀችው መፈንቅለ መንግሥት ተገደለ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ኬኔዲም ተገደሉ።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይኸኛው ነው። በጁን 1964 ኬኔዲን የተኩት ፕሬዚዳንት ጆንሰን ጥያቄውን ለስለላ ድርጅቱ ለሲአይኤ አቀረቡ። ላኦስና ደቡብ ቬትናም ቢወድቁ ሌሎቹ የግድ ይወድቃሉ? ተንታኞቹ የሰጡት መልስ ግልጽ ነበር፦ ምናልባት ከካምቦዲያ በስተቀር በዚህ ሰበብ በፍጥነት የሚወድቅ አገር ያለ አይመስልም። መልሱ እጃቸው ላይ ነበር። በማርች 1965 ግን የመጀመሪያው እግረኛ ተዋጊ ጦር ዳ ናንግ ላይ ወረደ። ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቬትናማውያን አለቁ።

ሳይጎን በኤፕሪል 1975 ወደቀች፤ ካምቦዲያና ላኦስም በዚያው ዓመት። አባባሉ ትክክል ነበር የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን ይቆጥራሉ። ሦስቱም ግን ጦርነቱ ራሱ የገባባቸው፣ በቦምብ የተደበደቡ አገሮች ናቸው። ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ አልወደቁም። ኮሚኒስቶቹም እርስ በርስ ተዋጉ፤ ቬትናም በ1978 መጨረሻ ካምቦዲያን ወረረች፣ በ1979 ደግሞ ቻይና ቬትናምን ወጋች። በጁላይ 1995 አሜሪካና ቬትናም የዲፕሎማሲ ግንኙነት ጀመሩ። በዚያው ወር ቬትናም ታይላንድ፣ ማሌዥያ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ፊሊፒንስ የመሠረቱት የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር (አሲያን) አባል ሆነች።