በካንሰር ህዋስ ምርምር ውስጥ ያለቦታው የገባ ምስልና እርማቱ

የካንሰር ህዋስ ተመራማሪዎች ማስረጃቸውን በአብዛኛው የሚያቀርቡት በምስል ነው። ከእነዚህም አንዱ ዌስተርን ብሎት ነው፤ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በጥቁር ጭረት መልክ ያሳያል። ጭረቶቹ በጣም ስለሚመሳሰሉ ባለሙያም ቢሆን ያለ ፋይሉ ስም የትኛው የየትኛው ሙከራ እንደሆነ በዓይኑ ብቻ አይለይም። ስህተቱ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። መድኃኒት ያልነካቸው ህዋሳት ፎቶ መድኃኒት በተሰጣቸው ቦታ ይገባል። ወይም በየመስመሩ እኩል ፕሮቲን መጨመሩን የሚመሰክረው አክቲን የተባለ ፕሮቲን ጭረት በሌላ ሙከራ ሥር ተደግሞ ይታተማል።

ኤሊዛቤት ቢክ፣ አርቱሮ ካሳዴቫልና ፌሪክ ፋንግ በ40 የሕይወት ሳይንስ መጽሔቶች የወጡ 20,621 ጽሑፎችን አንድ በአንድ አይተው በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ 3.8 በመቶዎቹ አጠያያቂ ምስል ነበረባቸው። ከነዚህ ቢያንስ ግማሾቹ ሆን ተብሎ የተነካኩ የሚያስመስል ምልክት ይታይባቸዋል። የቀሩትን ግን እንደ ማጭበርበር መቁጠር ተገቢ አይመስለኝም።

ጥቆማ ሲደርሰው አርታኢው ደራሲዎቹን ያልተቆረጠውን የመጀመሪያ ምስል ይጠይቃል። ጉዳዩን የሚወስነው ይህ ፋይል ነው። ቀንና ስም ተጽፎበት ከተቀመጠ ትክክለኛው ምስል ይተካል፤ ከሙከራ ደብተሩ ጋር ከጠፋ ግን ቅን ተመራማሪም ቅንነቱን የሚያሳይበት ነገር አይኖረውም። ሙከራውን መድገም ይቻል ይሆናል፤ ያ ግን የዛሬውን ውጤት እንጂ ያን ጊዜ የታየውን አያረጋግጥም።

መደምደሚያው ካልተናጋ እርማት ይወጣል፤ ከተናጋ ጽሑፉ ይሰረዛል። ‹ሞለኪውላር ኤንድ ሴሉላር ባዮሎጂ› የተባለው መጽሔት ከ2009 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው 960 ጽሑፎች ተመርምረው በ59ኙ ያለአግባብ የተደገመ ምስል ተገኝቷል፤ 41ዱ ታረሙ፣ 5ቱ ተሰረዙ። በቦስተን የሚገኘው የዳና ፋርበር የካንሰር ተቋምም በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስድስት ጽሑፎች እንዲሰረዙ፣ 31 እንዲታረሙ መጠየቁን አስታውቋል።

ጥሩ የእርማት ማስታወቂያ የትኛው ምስል፣ የትኛው ክፍል እንደተሳሳተ፣ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረና መደምደሚያውን ይነካ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ‹‹ለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን›› ብቻ ብሎ የሚያልፍ ማስታወቂያ አንባቢን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል። ማስታወቂያው የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ከዋናው ጽሑፍ ጋር ይያያዛል። ቀደም ሲል የወረደ ቅጂ ግን ራሱን አያርምም፤ ስለዚህ በቆየ ፋይል ላይ ተመሥርቶ ሙከራ የሚጀምር ሰው በቅድሚያ የመጽሔቱን ገጽ ማየት አለበት።